የወር አበባሽ ከዘገየ ሩጫሽንም ሳህንሽንም ጭንቀትሽንም ቁጠሪ

ጎንደር ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። ክፍል ከመግባቴ በፊት ጠዋት ጠዋት ሯጭ ልጆችን አሠለጥናለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ትልልቅ ሴቶች ይጨመሩና፣ የወለዱም ቢሮ የሚውሉም፣ አብረን ወደ ጎሃ ተራራ እንወጣለን። ከሁለቱም ወገን አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ልጆቹ ዳር ይወስዱኝና በሹክሹክታ «ቲቸር፣ ፔሬዴ ቀረ» ይሉኛል። ትልልቆቹ «ይሄ ስፖርት ወሬን አዛባብኝ መሰለኝ» ይላሉ። አንዳንዷ ደግሞ ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ፦ ሞዴስ ከመግዛት ተገላገልኩ፣ ሰውነቴ ጠነከረ ማለት ነው ብላ። እሷን ነው የምቆጣት። የወር አበባ መጥፋት የጥንካሬ ምልክት አይደለም። ስፖርት በምትሠራ ሴት ላይ ብዙውን ጊዜ የምታወጣውን ያህል አለመብላቷን፣ ወይም ከአቅሟ በላይ መጨነቋን፣ ወይም ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸውን ነው የሚናገረው።

ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህ ጉዳይ በየሳምንቱ እጄ ላይ ስለሚወድቅ ያነበብኩትን፣ የጤና ባለሙያዎችን የጠየቅሁትንና ሜዳ ላይ ያየሁትን ለልጆቼ እንደምነግራቸው አድርጌ ላስቀምጠው።

ሩጫውን ከመክሰስሽ በፊት

ወር ሲዘገይ በስፖርት ማሳበብ ቀላል ነው። ከወንድ ጋር ግንኙነት ካለሽ ግን መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ከፋርማሲ የሚገዛው የሽንት መመርመሪያ ይበቃል፤ ይመጣል ብለሽ ከጠበቅሽው ቀን አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ በጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ብታደርጊው መልሱ ይበልጥ ይታመናል። ፒያሳ የሚያውቅሽ ሰው ያይሻል ብለሽ ከፈራሽ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ማራኪ ወይም አዘዞ ሂጂ፤ ባጃጅ አለልሽ። ማፈር ያለ ነገር ነው፤ ሳያውቁ ወራት መቆየት ግን ይብሳል።

ቀጥሎ መከላከያሽን አስቢ። የሦስት ወር መርፌ የምትወስጂ ከሆነ ደሙ የጠፋው በመርፌው ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ደም አያዩም። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ያዛባል። ድንገተኛ መከላከያ ክኒን የወሰደች ሴት የዚያ ወር ቀኗ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። የምታጠባም ላታይ ትችላለች። ከ45 ዓመት በላይ የሆነችም ነገሩ ከዕድሜዋ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሳታጣሪ «ስፖርቱ ነው» ብትይኝ አልሰማሽም።

በእኛው ዘመን አቆጣጠር

ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ዋዜማ ነው። ደሙ ከቆመበት ቀን የሚጀምሩ አሉ፤ እንደዚያ የምትቆጥር ሴት ሁልጊዜ ወሯ አጭር ይመስላታል። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ጤናማ ነው። ማየት ከጀመረች ገና ጥቂት ዓመት ለሆናት ልጅ እስከ 45 ቀን ቢደርስም አያስደነግጥም። ደሙ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ከወር ወር ጥቂት ቀን ወዲህና ወዲያ ማለቱም ያለ ነው።

ወራችን 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት ካየሽ፣ ቀጣዩ የካቲት 9 ነው፤ ከዚያ መጋቢት 7፣ ሚያዝያ 5፣ ግንቦት 3፣ ሰኔ 1፣ እንደገና ሰኔ 29። «በአንድ ወር ሁለቴ መጣብኝ» ብላ ደንግጣ የምትመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰኔ የገጠማት ናት፤ ምንም አልሆነችም። ዑደቱ 30 ቀን የሆነላት ደግሞ በየወሩ ያው ቀን ላይ ታያለች፤ ጳጉሜን ሲያልፍ ብቻ 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን፣ ወደ ኋላ ይስባል።

እናቴ በታቦት ነበር የምትቆጥረው። «በሚካኤል አየሁ» ካለች 12 ላይ ነው፤ «ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አልገባም» ካለች 16 ላይም ደሙ አልቆመም ማለት ነው። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ሳትጽፍ ታውቀዋለች። ሙስሊም እህቶቼም በወር አበባ ምክንያት በረመዳን ሳይጾሙ የቀሩትን ቀን በኋላ ስለሚከፍሉ ስንት ቀን እንዳዩ ይዘውታል። ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

አንቺ ግን ከቀኑ በላይ ጻፊ። ደብተር ያዢና ደም ያየሽበትን ቀንና መጠኑን፣ የሠራሽውን ስፖርት፣ ስንት ሰዓት ምን እንደበላሽ፣ እንቅልፍሽንና ያስጨነቀሽን ነገር መዝግቢ። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ማክሰኞ፣ ሩጫ 8 ኪሎ ሜትር፣ ቁርስ የለም፣ ምሳ 8 ሰዓት ሽሮ፣ ሌሊት አልተኛሁም፣ እማዬ አሟታል።» ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክመሽ ዳገት የወጣሽበትንም ጻፊው፤ እሱም ስፖርት ነው። ይህን ይዛ የመጣች ልጅ ጉዳይ በአሥር ደቂቃ ይገባኛል። ባዶ እጇን የመጣችው ግን «እንዲያው ዝም ብሎ ቀረ» ነው የምትለኝ፤ ዝም ብሎ የሚቀር ነገር ደግሞ የለም።

የሚያዘገየው አንጎል ነው

የወር አበባ የሚታዘዘው ከማሕፀን ሳይሆን ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በምት በምት እያደረገ አንድ ሆርሞን ይለቃል። እሱ ከሥሩ ያለችውን ፒቱታሪ እጢ ይቀሰቅሳል፤ እሷ ደግሞ እንቁልጢን። እንቁልጢ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን እያመነጨች እንቁላል ታበስልና ትለቃለች። እርግዝና ካልተፈጠረ ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ደም ይመጣል። ሃይፖታላመስ ወደ ሰውነት የሚገባው ምግብ ሲያንስ፣ ወይም ኮርቲሶልን የመሳሰሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ሲበዙ፣ ያንን ምት ያዘገየዋል። ጎተራው ሲጎድል የልጁን ድግስ ለከርሞ እንደሚያሸጋግር አባወራ ነው፤ ቤቱን ለማኖር ሲል ድግሱን ያቆየዋል።

ከዚህ አንድ በጣም የሚጠቅም ነገር ይወጣል። እንቁላል ከተለቀቀች በኋላ ያለው ጊዜ ብዙም አይለዋወጥም፤ የሚረዝመው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ስለዚህ ዛሬ ወርሽ ከዘገየ ጥፋተኛው የትናንቱ ልምምድ አይደለም። ደብተርሽን ሦስት አራት ሳምንት ወደ ኋላ ገልጠሽ እይ፤ ያኔ ሩጫ ጨምረሽ ነበር? ቁርስ ትተሽ ነበር? ለቅሶ ነበረባችሁ? ፈተናው አልፎ፣ ተረጋግታ ቁጭ ባለች ጊዜ የወር አበባዋ የሚዘገይባት ልጅ ግራ የሚገባት ይህን ስለማታውቅ ነው።

ደግሞ በአንዴ አይጠፋም። መጀመሪያ ዑደቱ ይረዝማል፤ 28 የነበረው 34፣ ቀጥሎ 41 ይሆናል። ደሙም እያነሰ ይሄዳል። አንዳንዴ ደሙ እየመጣ እንኳ እንቁላል ሳትለቀቅ ትቀራለች። በዚህ ደረጃ የያዝሽው ነገር በቀላሉ ይስተካከላል።

ሩጫና ሳህን

ስፖርት ብቻውን የወር አበባ አያጠፋም። በደንብ እየበሉ በየቀኑ የሚሮጡና ወራቸው ሳያልፍ የሚመጣ ሴቶች ብዙ ናቸው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አን ላውክስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው ጥናት ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ዑደታቸው የተስተካከለ ወጣት ሴቶችን ለ5 ቀን ስፖርት እያሠራች ከስፖርቱ የሚተርፋቸውን ምግብ በየደረጃው ቀነሰችው፤ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ የሆርሞኑ ምት ተዛባ። አምስት ቀን ብቻ ነው!

መጠኑን በእኛ ልጅ እናስላው። 50 ኪሎ የምትመዝን ሯጭ አለች እንበል፤ ስቡ ሲቀነስ ሰውነቷ 40 ኪሎ ገደማ ነው። ሩጫው የወሰደው ከተቀነሰ በኋላ ከዚህ 40 ኪሎ ለእያንዳንዱ ኪሎ 45 ካሎሪ ቢተርፍ፣ ማለትም 1,800፣ አንጎሏ ይረጋጋል። ከ30 በታች፣ ማለትም ከ1,200 በታች ሲሆን ችግሩ ይመጣል። ሩጫ ለአንድ ኪሎ ሜትር በኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። 10 ኪሎ ሜትር ከሮጠች 500 አወጣች። ስለዚህ በዚያ ቀን 2,300 መብላት አለባት፤ 1,700 ብቻ በልታ ከሆነ ጠርዙ ላይ ቆማለች። ይህን የጻፍኩት ርቀቱ እንዲታይሽ ነው እንጂ ሳህን ላይ ካሎሪ እንድትቆጥሪ አይደለም። ካሎሪ መቁጠር የጀመሩ ልጆች መጨረሻቸው ከምግብ ጋር መጣላት ሲሆን አይቻለሁ፤ እኔ ሜዳ ላይ ወሬውን አልፈቅድም።

«ክብደቴ አልቀነሰም እኮ» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም። ሰውነት ሲጎድልበት ወጪ ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ብርድ ብርድ ይልሻል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ እግር ይከብዳል፣ የወር አበባም ይቀራል። ከሲታዋን ብቻ የምንጠረጥር አሠልጣኞች ብዙ ነን፤ ሞላ ያለችውም ላይ ይደርሳል።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ መጀመሪያ በባዶ ሆድ መሮጥ አቁሚ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተሽ ብዙ መብላት አይሆንልሽም፤ አውቃለሁ። ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ በሻይ ይበቃል። ከሩጫ መልስ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁነኛ ነገር ብዪ፦ በሶ በማር፣ እንቁላል በዳቦ፣ ጨጨብሳ፣ ወተት ካለ ወተት። ውድ የስፖርት ዱቄት አያስፈልግሽም፤ በሶ ከዚያ የሚያንስ ምግብ አይደለም። ከዚያ በቀን ውስጥ አንድ ተጨማሪ መክሰስ ጣልቃ አስገቢ። ዑደታቸው የተዛባ ስፖርተኛ ሴቶች ላይ በተደረገ የአንድ ዓመት ጥናት፣ በቀን 300 ካሎሪ ገደማ መጨመር ስፖርቱን ሳያቆሙ የወር አበባቸው የመመለስ ዕድሉን ከፍ አድርጎታል። 50 ግራም ኦቾሎኒ ብቻውን 280 ካሎሪ አካባቢ ነው። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሽውን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ መዞር ትችያለሽ ማለት ነው።

ብረትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፦ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከጤፉና ከምስሩ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። ጎንደሬ ቡና ተዪ ቢሏት አትሰማም፤ አንድ ሰዓት ያህል ከምግቡ አርቂው።

ጾም

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሜዳዬ ላይ ዑደት በብዛት የሚዛባው ሁዳዴ ሲጋመስ ነው። 55 ቀን ነው። እኔም እጾማለሁ፤ ተዪ የምል ሰው አይደለሁም። ደግሞም ችግሩ ሥጋና ወተት መቅረቱ አይደለም። ችግሩ ሰዓቱና መጠኑ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት የሮጠች ልጅ እስከ 9 ሰዓት ምንም ካልቀመሰች፣ ያውም ስትበላ አንድ እንጀራ በሽሮ ብቻ ከሆነ፣ ያን 2,300 በምን ታምር ትሞላዋለች? በአንድ መቀመጫ አይሆንም።

ሩጫውን ወደ ማታ አዙሪው። 9 ሰዓት በልተሽ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀለል ያለ ሩጫ፣ ከዚያ ራት። ፀሐይዋም ትበርዳለች። ማታ መውጣት የማይመች ከሆነ፣ የጸጥታው ነገር ባለበት ጊዜ ማንንም አላስወጣም፣ ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለልና የጉልበት እንቅስቃሴ ይበቃል። ከባዱን ልምምድ፣ ዳገቱንና የፍጥነቱን፣ ለፋሲካ ማግሥት አቆዪው። እኔ በሁዳዴ ጎሃን ከፕሮግራሜ አወጣዋለሁ። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ሜዳዋ ራሱ ዳገት ነው።

የጾም ምግብ ደካማ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒ፣ አቮካዶ፣ ከመተማ የሚመጣው ሰሊጥ፣ ዘይት ያልተቆጠበበት ሽሮ፣ ሁሉም ጉልበት ያለው ነው። ድስቱ ውስጥ ዘይት የምትቀንስ ልጅ ግን ጾሙን ከማክበር ይልቅ ለመክሳት እየተጠቀመችበት እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ ሁለቱን ለይታ እንድትነግረኝ እጠይቃታለሁ። የወር አበባዋ ከቆመና ሐኪም ብዪ ካላት ደግሞ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር። ለታመመ እንደሚቀልለት እነሱ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

በረመዳንም ያው ነው፤ ልምምዱ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን፣ ስሁር አይታለፍ።

ጭንቀት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የሚፈተኑት ሆኗል። ከቤት መውጣቱ፣ የማያውቁት መኝታ፣ የካፌው ምግብ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ነው። ከሌላ ከተማ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ የሚመደቡ አዲስ ተማሪዎችም በመጀመሪያው መንፈቅ የወር አበባቸው ሲጠፋ ይደነግጣሉ። እንዲህ ያለው ሲረጋጉ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል።

በጦጣዎች ላይ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። አንዳንዶቹን ወደማያውቁት ቦታ አዛወሯቸው፤ ሌሎቹን ምግብ ትንሽ ቀንሰው ስፖርት አሠሯቸው። ከሁለቱም ወገን ዑደታቸው የተዛባ ጥቂቶች ነበሩ። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ የመጣባቸው ግን አብዛኞቹ ተዛቡ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ነገር ቢኖር ሒሳቡ አንድ መሆኑን ነው፤ አንጎል ጭንቀቱንም ሩጫውንም ረሃቡንም አንድ ላይ ይደምራል።

የዚህች ከተማ ሴት ባለፉት ዓመታት ምን እንዳሳለፈች አውቃለሁ። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ወንድም ወጥቶ ሲያመሽ፣ «አትጨነቂ» የሚል ምክር ስድብ ነው። ስለዚህ የምለው ሌላ ነው፦ ጭንቀቱን መቀነስ ካልቻልሽ መቀነስ የምትችይውን ሩጫ ቀንሺ፣ መጨመር የምትችይውን ምግብ ጨምሪ። ቤት ውስጥ ሐዘን ያለባትን ልጅ ወደ ከባድ ልምምድ አላስገባም፤ በእግር እንዞራለን፣ ታወራኛለች፣ ያም ልምምድ ነው። ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የ12ኛ ክፍሎቹን ሩጫ ግማሽ አደርገዋለሁ። እንቅልፍንም እንደ ልምምድ ቁጠሪው፤ ሌሊቱን ስታጠኚ አድረሽ 12 ሰዓት ሜዳ ብትመጪ ወደ ቤት ነው የምመልስሽ።

ማውራት የዋዛ ነገር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ በጭንቀት፣ በምግብና በስፖርት ምክንያት የወር አበባቸው የቆመ 16 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። ስምንቱ ለ20 ሳምንት ከባለሙያ ጋር ስለ አስተሳሰባቸውና ስለ አበላላቸው ተነጋገሩ፣ ስምንቱ እንዲሁ ቆዩ። ከተነጋገሩት 7ቱ እንቁልጢያቸው ወደ ሥራ ተመለሰች፤ ካልተነጋገሩት 2ቱ ብቻ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ክኒን ሳይዋጥ የተገኘ ውጤት ስለሆነ ልቤን ይገዛዋል።

ሳታቆሚ መቀነስ

ወርሽ እየራቀ ከሄደ ስፖርቱን እርግፍ አድርገሽ መተው የለብሽም። በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይኑርሽ፤ እሑድ ይመቻል። ከባድ ቀኖችሽን ወደ ሁለት አውርጂ፤ በመካከላቸው ቀላል ሩጫ ወይም በእግር መሄድ ይሁን። ለሰርግ ለመቅጠን ብለሽ ጂም እየገባሽ ራት የምትተዪ ከሆነ አንዱን ምረጪ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጊ። ወሩ የቆመባት ሯጭ ግን ከዚህ በላይ መቀነስ ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ውድድርም ቢቀርባት ይቅር።

ደም ላይ እያለሽ መሥራትስ? ይቻላል። ማሕፀን ይላላል፣ ደሙ ወደ ላይ ይመለሳል የሚባለው ውሸት ነው። እንዲያውም በሳምንት 3 ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሚሠራ ስፖርት ቁርጠትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ከበዛብሽ ትኩስ ውሃ በላስቲክ ሆድሽ ላይ አድርጊ፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ከሌለብሽ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ምግብ በልተሽ መውሰድ ይቻላል። መካከለኛ ስፖርት ዑደትን ያስተካከለላቸውም አሉ፤ በተለይ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የእንቁልጢና የሆርሞን መዛባት ያለባቸው ሴቶች። ቅዳሜ ጎሃ የሚወጡትን ትልልቆቹን «አይዟችሁ፣ ይህ እናንተን አያዛባም» የምላቸው ለዚህ ነው።

ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ

ሦስት ወር ከቀረ፣ ሰበብ አትፈልጊ፣ ሂጂ። ዑደትሽ ሁልጊዜም የተዛባ ከነበረ እስከ ስድስት ወር ቢጠበቅም እኔ አልጠብቅም። 15 ዓመት ሞልቷት ገና ያላየች ልጅም ትታይ። ከ8 ቀን በላይ የሚፈስ፣ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ፣ በመካከል የሚታይ ደም፣ ሳትወልጂ ከጡት የሚወጣ ወተት፣ አገጭ ላይ የበዛ ፀጉር ሁሉም ለሐኪም የሚነገር ነው። ወር ዘግይቶ ባንድ ጎን ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከመጣ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ግን ጤና ጣቢያ ወረፋ አትያዢ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰ እርግዝና ሊሆን ይችላል።

ሯጮች አንድ ተጨማሪ ነገር ጠብቁ። ቅልጥም ላይ በጣት ሲነኩት አንድ ነጥብ ላይ የሚያም፣ ስትሮጪ የሚብስ ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ኢስትሮጅን ሲወርድ አጥንት ይሳሳል፤ ልጅነት ደግሞ አጥንት የሚጠራቀምበት ዕድሜ ነው። የወር አበባ መቅረቱ የሚያስፈራኝ ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

ሐኪሙ እርግዝና፣ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት እጢና ፕሮላክቲን የሚባለውን የጡት ወተት ሆርሞን ያስመረምርሻል፣ አልትራሳውንድም ሊያዝ ይችላል። ደብተርሽን አሳዪው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጪ ሳይጠይቅሽ ንገሪው፣ ብዙዎች አይጠይቁም። ደሙ እንዲመጣ ብቻ የወሊድ መከላከያ ክኒን ከታዘዘልሽ ምክንያቱን ጠይቂ። ክኒኑ የሚያመጣው ደም የሆርሞኑ ምት ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ለአጥንትም አስተማማኝ ጥበቃ አይሰጥም። በተጨማሪ፣ ወር የለኝም ብለሽ አትዘናጊ። እንቁላል የምትለቀቀው ከደሙ በፊት ስለሆነ የመጀመሪያው ደም ሳይታይ ማርገዝ ይቻላል።

ምግቡንና ዕረፍቱን ካስተካከልሽ በኋላ መመለሱ ወራት ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ሲመጣ ትንሽ፣ ቀኑ ያልጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ መዝግቢውና ቀጥዪ። ሦስት ወር በተከታታይ በራሱ ሲመጣ ነው ከባዱን ልምምድ የምመልስላት፤ ርቀቱ አስቀድሞ፣ ፍጥነቱ በኋላ፣ ጎሃ መጨረሻ።